የጃፓን ሰዎች ሁለቱ ቁጥሮች

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚታወቀው በነገሥታቱና በጦርነቱ ዜና ብቻ አይደለም፤ ዕለት ዕለት አንድ፣ ሁለት እያለ በሚቆጥርበት ቃል ውስጥም ተጽፎ ይገኛል። የጃፓንን ቋንቋ ለመማር የሚነሣ ሰው ይህን በመጀመሪያው ትምህርት ይረዳል፤ ለመማር ያሰበው ቁጥር አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ያገኘዋልና።

የመጀመሪያው ከጥንት ጀምሮ የሕዝቡ የራሱ የሆነው ነው። በዚህ ቁጥር ሦስት «ሚትሱ»፣ እጥፉ ስድስት «ሙትሱ» ይባላል፤ አራት «ዮትሱ»፣ እጥፉ ስምንት ደግሞ «ያትሱ» ነው። በእኛ ፊደል ቢጽፉት፣ ሚ ከሣልስ ወደ ካዕብ፣ ዮም ከሳብዕ ወደ ራብዕ ሲዛወር ቁጥሩ እጥፍ እንደሚሆን ያስተውላሉ።

ሁለተኛው «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን» የሚለው ሲሆን፣ ከቻይና ጽሕፈት ጋር በባሕር ተሻግሮ የገባ ነው። ለንግድና ለመዝገብ ስለ ተመቸ ትልልቁን ቁጥር ሁሉ ወረሰ። ይሁን እንጂ የጥንቱ ቁጥር አልጠፋም። በእንግዳው ቁጥር አራት «ሺ» ይባላል፤ ሞትም «ሺ» ነውና፣ ብዙ ጊዜ በቦታው «ዮን» የተባለውን የጥንት ቃል ይተኩበታል። ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዕድሜም ዛሬ ድረስ በአባቶች ቃል «ሃታቺ» ተብሎ ይጠራል።

ከሺህ በላይ ሲቆጥሩ ዐሥሩን ሺህ «ማን» ብለው በእርሱ ይደምራሉ፤ ሚሊዮን ለእነርሱ መቶ «ማን» ነው። ይህ አቆጣጠር ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የግዕዝ ቁጥርም ለእልፍ ፼ የሚል የራሱ ምልክት አለው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1627 ዓ.ም. ዮሺዳ ሚትሱዮሺ «ጂንኮኪ» የተባለውን የሒሳብ መጽሐፍ አሳትሞ፣ በዘንግ በተሰኩ ዶቃዎች የሚሠራበትን «ሶሮባን» ለሕዝብ አስተማረ። በ1872 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ደንብ ግን በትምህርት ቤት የአውሮፓ ሒሳብ እንዲሰጥ አዘዘ። ሶሮባን ያን ጊዜ ያበቃለት ይመስል ነበር። ነገር ግን በ1946 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ኪዮሺ ማትሱዛኪ የተባለ የፖስታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በኤሌክትሪክ የሒሳብ መኪና ከሚሠራ አሜሪካዊ ወታደር ጋር ተወዳድሮ 4 ለ 1 ረታው፤ የተሸነፈው በማባዛት ብቻ ነበር።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አሮጌውን መጣል ግድ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ጃፓኖች እንግዳውን ቁጥር በክብር ተቀበሉ፤ ባለቤቱን ግን ከቤቱ አላስወጡትም።