የወንዝ ጤና በማን ሚዛን?

አንድ ወንዝ ጤነኛ ነው ወይስ ታሟል ለሚለው ጥያቄ ሰው በዘዴ መልስ መስጠት የጀመረው ገና ከመቶ ሃያ ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ዳኛው አፍንጫ ነበር። በ1858 ሐምሌ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቴምዝ ግማት የእንግሊዝን ፓርላማ ሥራ ሲያውክ፣ እንደራሴዎቹን ለለንደን የፍሳሽ መስመር ገንዘብ ያስፈቀዳቸው ሽታው እንጂ የተለካ ነገር አልነበረም። አፍንጫን የተካው የውሃ ናሙና የሚቀዳበት ጠርሙስ ነው። በ1898 የተቋቋመው የብሪታንያ የፍሳሽ ጉዳይ ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1912 ባወጣው ስምንተኛ ሪፖርቱ፣ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ የታከመ ፍሳሽ በአምስት ቀን ውስጥ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን እንዳይሻማ፣ በውስጡ የሚንሳፈፈው ጠጣርም ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ቁጥሩ የተቆረጠው ፍሳሹ ቢያንስ ስምንት እጥፍ በሆነ ንጹሕ ውሃ ይቀየጣል ተብሎ ታስቦ ነው። አምስት ቀን የተባለው ደግሞ የብሪታንያ ወንዞች ባሕር ለመድረስ ከዚያ በላይ ስለማይፈጅባቸው ነው ይባላል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በአምስት ቀን ሜዲትራኒያን አይደርስም፤ ሙከራው ግን ዛሬም በየአገሩ ላቦራቶሪ በአምስት ቀን ይሠራል።

ኮሚሽኑ ገና በሥራ ላይ ሳለ፣ በርሊን ውስጥ ኮልክዊትዝና ማርሶን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሌላ ምስክር ጠሩ። በ1902 ሐሳባቸውን አቀረቡ፤ በ1908 የዕፅዋቱን፣ በ1909 የእንስሳቱን ዝርዝር አወጡ። ያዩት ነገር ቀላል ነው፦ ፍሳሽ ከገባበት ቦታ ጀምሮ ወንዙ ራሱን እያጸዳ ቁልቁል ሲወርድ፣ ነዋሪዎቹ በቅደም ተከተል ይለዋወጣሉ። ኦክስጅን ባጣው ጭቃ ውስጥ ቀጫጭን ትሎችና ደማቸው የቀላ እጮች ይርመሰመሳሉ፤ ርቆ ሲወርድ ቀንድ አውጣና አልቅት ይመጣሉ፤ ውሃው ሲጠራ ከድንጋይ ሥር ተለጥፈው የሚኖሩ፣ ኦክስጅን ሲጎድል ፈጥነው የሚሞቱ የነፍሳት እጮች ይታያሉ። በእኔ ዕይታ በወንዝ ምዘና ታሪክ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጠርሙስ የሚናገረው ስለተቀዳበት ደቂቃ ብቻ ነው። ቀን በፀሐይ ኦክስጅን የሚያመርተው አልጌ ሌሊት መልሶ ይበላዋል፤ ናሙና ቀጂው ግን በሥራ ሰዓት ነው የሚመጣው። ፍሳሹን በሌሊት የሚለቅ ፋብሪካም ይህን አያጣውም። ድንጋይ ሥር ያለው እጭ ግን ሳምንታትና ወራት እዚያው ከርሟል፤ የሌሊቱ መርዝ እሱንም አግኝቶታል።

ይህን የሚቃወሙ ሁለት ክርክሮች አሉ። አንደኛው፣ ቀይ እጭ መገኘቱ ብቻ ብክለትን አያረጋግጥም፣ በተፈጥሮው ጭቃማ በሆነ ረግረግም ይኖራልና የሚል ነው። ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠችው አሜሪካዊቷ ሩት ፓትሪክ ናት። በ1948 በፔንሲልቬኒያ የኮኔስቶጋን ተፋሰስ ስታጠና የአንድ ፍጡርን መኖር አለመኖር ትታ ዳያቶም ከሚባሉት ደቂቅ አልጌዎች እስከ ዓሣ ያለውን ማኅበር በጠቅላላ አየች፤ ንጹሕ ውሃ ብዙ ዓይነት ፍጥረት ያኖራል፣ የተበከለው ግን ጥቂት ዓይነትን በገፍ ያራባል። ሁለተኛው ክርክር፣ እጭ ወንዙ መታመሙን ቢናገርም የገደለው ክሮሚየም ይሁን ሳሙና አይለይም ይላል። እውነት ነው፤ ወንጀለኛውን ለይቶ ለመያዝ ኬሚስት ያስፈልጋል። ኬሚስቱ ግን የሚያገኘው የፈለገውን ብቻ ነው፤ ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ለመቶ ዓይነት መርዝ ምርመራ ገንዘብ ከማፍሰሱ በፊት፣ ጉዳት ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን በመረብና በማጉያ መነጽር ማወቅ ይቀድማል፤ ይረክሳልም።

ከሁለቱ የሚከብደውን ነጥብ ግን ተቃዋሚዎቹ እምብዛም አያነሡትም። ሚዛኑ የተወለደበትን ወንዝ ይመስላል። በ1964 እንግሊዝ ውስጥ ለትሬንት ወንዝ የተሠራው መለኪያ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ሲሰጥ፣ ከፍተኛውን ቦታ የያዘው ስቶንፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ ነበር። በሞቃታማው አፍሪካ ከዚህ ወገን በስፋት የሚገኘው ኒዮፐርላ የሚባለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የትሬንትን መለኪያ እንዳለ አምጥቶ በእንጦጦ ወይም በባሌ ምንጭ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ጤነኛውን ወንዝ በሽተኛ ብሎ ይፈርድበታል። ኬሚስትሪውም ከዚህ አያመልጥም፦ በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ አየሩ በሳሳበት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያው ውሃ ከ7 በታች ነው የሚይዘው። ቆላ ላይ በወጣ ደንብ ቢለካ፣ ደጋ ላይ ያለ ንጹሕ ጅረት ይወድቃል።

እንግዲህ መፍትሔው ሚዛኑን መጣል ሳይሆን፣ እጅ ባልነካቸው የአገሩ ጅረቶች ላይ እንደገና ማስተካከል ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ለራሳቸው ወንዞች ይህን አድርገዋል። ለኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞችም በ2015 እዚሁ በተለቀሙ እጮች ላይ የተመሠረተ የነጥብ አሰጣጥ ታትሟል። አዲስ አበባ ውስጥ የቀበናን፣ የባንተ ይቀጡንና የአቃቂን ዳርቻ የሚያለሙ ሰዎች ስንት ሜትር እንደተነጠፈና ስንት ችግኝ እንደተተከለ ለሕዝብ ሲነግሩ፣ ከድንጋዩ ሥር ምን እንደተገኘም በየዓመቱ ቆጥረው ይንገሩን።