የነጭ የደም ሴሎች መነቃቃት በብግነት ጊዜ

በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ነጭ የደም ሴሎች የኢንፌክሽን ወይም የጉዳት ምልክት ሲደርሳቸው ከደም ሥር ወጥተው ወደ ተጎዳው ቦታ ይጓዛሉ፤ እዚያም ጀርም ይውጣሉ፣ መርዛማ ኬሚካሎችንም ይለቃሉ። ይህ ሂደት መነቃቃት ይባላል። እዚህ በዋናነት የሚነሳው ኒውትሮፊል ነው፤ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ካሉት ነጭ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው፣ በድንገተኛ ብግነትም ቀድሞ ይደርሳል። መቅኔ በቀን 100 ቢሊዮን ያህል ኒውትሮፊል ያመርታል።

መነቃቃቱ በደረጃ ይካሄዳል፤ ሴሉ በየደረጃው አዲስ ምልክት ካላገኘ ወደፊት አይሄድም። እንዲህ መጠንቀቁ ያስፈልጋል፤ ኒውትሮፊል የተሸከመው መርዝ ባክቴሪያን ከራስ ሥጋ አይለይምና።

እሾህ ጣት ወግቶ ባክቴሪያ ይዞ ገባ እንበል። መጀመሪያ የሚያውቁት ሥጋ ውስጥ ሰፍረው የሚኖሩት ማክሮፋጆችና ማስት ሴሎች ናቸው። ቶል መሰል የሚባሉት ተቀባዮቻቸው የባክቴሪያውን ግድግዳ ስብርባሪ ይለያሉ። ማስት ሴሎች ሂስታሚን ይረጫሉ፤ ማክሮፋጆች ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-1 የተባሉ ሳይቶካይኖችን፣ ማለትም ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ፕሮቲኖች፣ ይለቃሉ። ሂስታሚን ደም ሥሩን ስለሚያሰፋውና ፈሳሽ እንዲያሾልክ ስለሚያደርገው ጣቱ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል።

ዋናው ነገር የሚከናወነው ከዚያ በኋላ በትንንሽ የደም መልሶች ግድግዳ ላይ ነው። የግድግዳው ሴሎች ፒ-ሴሌክቲን የተባለውን ፕሮቲን አስቀድመው ሠርተው በውስጣቸው አስቀምጠውታል፤ ሂስታሚን ሲደርሳቸው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ያወጡታል። ኢ-ሴሌክቲን ግን በቲኤንኤፍ ትእዛዝ እንደ አዲስ የሚሠራ ስለሆነ ሰዓታት ይፈጃል። በደም ግፊት እየተገፋ የሚያልፈው ኒውትሮፊል ከሴሌክቲኖቹ ጋር ይያያዛል፣ ይላቀቃል፣ እንደገና ይያያዛል፤ በዚህም ፍጥነቱ ቀንሶ ግድግዳው ላይ ይንከባለላል። ሌላ ምልክት ካላገኘ ተላቆ ከደሙ ጋር ይነጉዳል። ግድግዳው ላይ ኢንተርሉኪን-8 የተባለው ነጭ ሴል ጠሪ ኬሚካል ተለጥፎ ካገኘ ግን ኢንተግሪን የተባሉት፣ በራሱ ገጽ ላይ ተጣጥፈው የቆዩት ፕሮቲኖች እንደ ታጠፈ ጉልበት ይዘረጋሉ፤ አይካም-1 የተባለውን ፕሮቲን ይይዙና ሴሉ ይቆማል። ይህ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ከዚያም ሴሉ ይለጠጣል፣ በግድግዳው ላይ ይሳባል፣ በሁለት ሴሎች መካከል ተሹለክልኮ ይወጣል። ጀርመናዊው ዩሊየስ ኮንሃይም ይህን አወጣጥ በእንቁራሪት አካል ላይ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ በ1867 ጽፎታል።

የኢንተግሪኑ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ያለ እሱ በሚወለዱ ልጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። ሲዲ18 የተባለው የኢንተግሪን ክፍል የሌላቸው ሕፃናት እትብታቸው ሳይወድቅ ይቆያል፣ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል። በደማቸው ውስጥ ነጭ ሴል ተትረፍርፎ ሳለ ቁስላቸው መግል አይቋጥርም።

ከደም ሥር የወጣው ኒውትሮፊል ሽታ የሚከተል ያህል የኬሚካሎችን መጠን እየለየ ይጓዛል። ከነዚህ አንዱ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን መሥራት ሲጀምሩ የሚጠቀሙበት ፎርሚል የታከለበት ሜታዮኒን ነው። የራሳችን ሚቶኮንድሪያም ፕሮቲናቸውን የሚጀምሩት በዚሁ ስለሆነ ሴል ሲፈነዳ ምልክቱ ይለቀቃል። ጀርም ያልገባበት ቃጠሎ ወይም የአጥንት ስብራት ነጭ ሴሎችን የሚጠራው በከፊል በዚህ መንገድ ነው።

በጉዞው ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ቲኤንኤፍ ወይም የባክቴሪያ ግድግዳ ቁራጭ የነካው ኒውትሮፊል ወዲያው መርዙን አይለቅም፤ ይዘጋጃል እንጂ። ሁለተኛ ምልክት ሲደርሰው ግን ካልተዘጋጀው ሴል በብዙ እጥፍ ይበረታል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ቆይቶ በያዘው ቀላል ኢንፌክሽን ሳንባው ሊጎዳ ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ባክቴሪያውን ሲውጥ በሴሉ ሽፋን ላይ የኦክሲዴዝ ኢንዛይም ክፍሎች ይገጣጠማሉ። ኢንዛይሙ ኦክስጅንን ወደ ሱፐርኦክሳይድ ይለውጣል፤ ከዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ማይሎፐርኦክሲዴዝም ከእሱና ከክሎራይድ በረኪና ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን አሲድ ይሠራል። የመግል አረንጓዴነት የሚመጣው ከዚሁ ማይሎፐርኦክሲዴዝ ቀለም ነው። በ2004 በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ኒውትሮፊል የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግቶ ባክቴሪያ እንደሚይዝ አሳይተዋል።

ሥራውን የጨረሰ ኒውትሮፊል በሥርዓት ይሞታል፤ ከመፈንዳቱ በፊትም ማክሮፋጅ ይውጠዋል። ይህ ካልሆነ ብግነቱ ይራዘማል።

መነቃቃቱ በአንድ ጊዜ በመላ ሰውነት ሲሆን ምን እንደሚመስል በኢትዮጵያ በደንብ የታወቀ በሽታ ያሳያል። በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት በፔኒሲሊን ሲታከም በሰዓታት ውስጥ ብዙ ሕመምተኞችን ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ትኩሳታቸው ይንራል፣ የደም ግፊታቸው ይወርዳል። ባክቴሪያው ከደም ሲጸዳ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን-6ና ኢንተርሉኪን-8 በአንድ ጊዜ ከፍ ይላሉ፤ በደም ውስጥ የሚቆጠረው ነጭ ሴል ደግሞ ያሽቆለቁላል። አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ከተሰጣቸው 20 ታካሚዎች 10ሩ፣ ካልተሰጣቸው 29 ደግሞ 26ቱ ይህ ምላሽ ታይቶባቸዋል። የአንድ ሳይቶካይን ድርሻ በሰው ላይ እንዲህ ጎልቶ የታየባቸው ጥናቶች ብዙ አይደሉም።

ከደም ምርመራ ውጤት ብቻ ስለ መነቃቃት መደምደም አያስተማምንም። ከኒውትሮፊሎች ግማሽ ያህሉ በደም ሥር ግድግዳዎች ዙሪያ ስለሚቆዩ በናሙናው ውስጥ አይገቡም፤ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቁጥሩ የሚጨምረው በከፊል እነዚህ ወደ ደሙ ስለሚመለሱ ነው። በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ኬሞካይኖችን (እንደ ኢንተርሉኪን-8 ያሉ ጠሪ ኬሚካሎችን) የሚይዘው የደፊ ተቀባይ የሌላቸው ሰዎች ደግሞ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፣ ለኢንፌክሽን ግን ከሌላው ይበልጥ አይጋለጡም። ይህ በአፍሪካውያን ዘንድ የተለመደ ነው፤ በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ዝቅተኛ ቁጥር ተመዝግቧል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛውን ሰው ለመቅኔ ምርመራ ሊልከው፣ ወይም ክሎዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክለው ይችላል።