የጥርስ ልባስ፦ ሙሉ ሴራሚክ ወይስ ሴራሚክ ለበስ ብረት?

በክሊኒክ ቋንቋ «ክራውን» የሚባለው፣ የተቦረቦረ፣ የተሰነጠቀ ወይም የነርቭ ሕክምና ተደርጎለት የተዳከመ ጥርስ ዙሪያውን ተሞርዶ ከላዩ የሚጠለቅለት ሰው ሠራሽ ሽፋን ነው። «ዘውድ» ብሎ መተርጎም ይቀል ነበር። ዘውድ ግን ከድድ በላይ የሚታየው የተፈጥሮ ጥርስ ክፍል ስም ስለሆነ፣ «ዘውዱ ተሰበረ» ቢባል የቱ እንደተሰበረ ያደናግራል። ጥርሱን ወርቅ «አስለበሰ» ማለትን ሕዝቡ ስለሚያውቀው «ልባስ» ይሻላል።

ሴራሚክ ለበስ ብረት ከውስጥ ስስ የብረት ቆብ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ኒኬል ከክሮሚየም ወይም ኮባልት ከክሮሚየም የተቀየጠ ነው። ፖርስሊን የሚባለው ነጭ ሴራሚክ በዚያ ላይ በምድጃ ይጋገራል። ሙሉ ሴራሚክ ብረት የሚባል ነገር የለውም።

ለፊት ጥርስ ብዙ ክርክር አያሻም፤ አቅም ከፈቀደ ሙሉ ሴራሚክ ነው። ብረት ያለበት ልባስ ብርሃን አያሳልፍም፤ ድድ ሲሸሽ ደግሞ ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል። ርካሽ ጉትቻ ጆሮዋን የሚያሳክካት ሴትም ኒኬል ላይስማማት ስለሚችል አስቀድማ ትናገር።

ነገሩ የሚከብደው መንጋጋ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ዙሪያ የገብስና የሽምብራ ቆሎ የዕለት ነገር ነው፤ አጥንት መጋጥም አለ። ከብረቱ ላይ ያለው ፖርስሊን በጠንካራ ነገር ሊሸረፍ ይችላል፤ ይሁን እንጂ የብረት ቆቡ ብዙ ጊዜ ጥርሱን ሸፍኖ ይቆያል። መልኩ ይበላሻል እንጂ ማኘኩ አይቀርም። «ሴራሚክ» ሲባልም አንድ ዓይነት አይደለም፦ ለውበት የሚመረጠው መስታወት መሰሉ፣ መንጋጋ ላይ እንደ ዚርኮኒያ አይጸናም። ዚርኮኒያ ጠንካራ ነው፤ ጥርሱም ብዙ ሳይሞረድ ሊለበስ ይችላል። በእኔ ፍርድ ለቆሎ በሊታ መንጋጋ ዚርኮኒያ ቀዳሚ ነው፤ ዋጋው ከከበደ ሴራሚክ ለበስ ብረት የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ቀጠሮ ይፈልጋል፦ ባንዱ ይሞረድና ልኬት ተወስዶ ጊዜያዊ ሽፋን ይደረግለታል፣ በሌላው ልባሱ ይጣበቃል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ሁለተኛውን ቀጠሮ ለአጨዳ ብሎ እንዳይተወው፤ ጊዜያዊው ሽፋን ለወራት የሚሆን አይደለም። የተሞረደ ጥርስ መልሶ ስለማያድግ፣ «ብረቱ ምንድን ነው? ሴራሚኩስ ዚርኮኒያ ነው?» ብለው ከመሞረዱ በፊት ይጠይቁ፤ መልሱንም ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።