ለንደን ደምን ያሞቀችበት ዘመን

በ1952 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ካቲ የተባለ ሐኪም አንድ ግራ የሚያጋባ ሕመም መዝግቦ አሳተመ። ሕፃኑ ደሙ ያንሳል፤ ጣፊያው ቢወጣለትም አልተሻለውም። ቀይ የደም ሕዋሳቱ በልዩ ቀለም ተነክረው ሲታዩ በውስጣቸው ድቡልቡል ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነበሩ። ጀርመናዊው ሮበርት ሃይንስ በ1890 እንዲህ ያሉትን ያየው በኬሚካል በተመረዘ ደም ነበር። የዚህ ሕፃን ግን ምክንያቱ ስላልታወቀ ሐኪሙ ይህንኑ ጽፎ አለፈ።

በዚያ ዘመን የላቦራቶሪው ታላቅ መሣሪያ ኤሌክትሮፎረሲስ ነበር። ሊነስ ፓውሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 የሲክል ሴልን ሂሞግሎቢን ከጤነኛው የለዩት በዚሁ ነው። ሆኖም ዘዴው የሚለየው የኤሌክትሪክ ቻርጁ የተለወጠውን ሂሞግሎቢን ነው፤ ቻርጁ ካልተለወጠ ሕመምተኛውም እንደ ጤነኛ ያልፋል።

ሌላ መንገድ የተገኘው በዚያው ከተማ፣ በሐመርስሚዝ ሆስፒታል ነው። ጆን ዴሲ፣ ግራይምስና ማይስለር በ1964 ባወጡት ጥናት የእነዚህ ሕመምተኞች ሂሞግሎቢን ሙቀት እንደማይችል አሳዩ። ሕዋሱ ፈርሶ የወጣው ሂሞግሎቢን 50 ዲግሪ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቆይ የጤነኛው እንዳለ ይቀራል፤ የሕመምተኛው ይደፈርሳል፣ ይዘቅጣል። በሕዋሱ ውስጥ የሚታየው ነጠብጣብም ይኸው የዘቀጠ ሂሞግሎቢን ነው።

በ1967 ዴሲና ኸርማን ሌማን ከባልደረቦቻቸው ጋር «ሂሞግሎቢን ሐመርስሚዝ»ን ገለጡ። ቤታ በተባለው ሰንሰለት 42ኛ ቦታ ላይ ፌኒልአላኒን በሴሪን ተተክቷል። ሁለቱም ቻርጅ ስለሌላቸው ኤሌክትሮፎረሲስ ልዩነቱን አያይም። ፌኒልአላኒን ግን ብረት ያዘለውን ሂም በቦታው ደግፎ የሚይዝ ምሰሶ ነው፤ እሱ ሲነቀል ቤቱ ይናጋል። የካቲ ሕፃን ምስጢርም በ1970 ተፈታ፤ የእሱ «ሂሞግሎቢን ብሪስቶል» ተባለ።

በ1972 ካረልና ኬይ ፈተናውን አቀለሉት፦ ሂሞግሎቢኑን 17 በመቶ አይሶፕሮፓኖል ባለው ውህድ ውስጥ በ37 ዲግሪ ማቆየት ብቻ፤ ደካማው በደቂቃዎች ውስጥ ይዘቅጣል። ደሙ ግን ትኩስ መሆን አለበት፤ የቆየ ደምና የጨቅላ ሕፃን ደም ጤነኛ ሆነውም ሊያታልሉ ይችላሉ።

እንዲህ ያሉ ለውጦች በልጁ ላይ በአዲስ ሊፈጠሩ ይችላሉ፤ «በዘራችን የለም» ማለት በሽታውን አያስቀርም። «ኤሌክትሮፎረሲሱ ደህና ነው» የሚል ወረቀትም እንዲሁ። ደሙ ያለ ምክንያት የሚያንስ፣ ዓይኑ ቢጫ የሚሆን፣ ሽንቱ የሚጠቁር ልጅ ያለው ወላጅ ሙሉ መልስ የሚያገኘው ደሙ ሙቀቱን መቻሉም ሲፈተን ነው።