ዲጂታል አደግ

አሜሪካዊው የትምህርት ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኮምፒውተር፣ በቪዲዮ ጌምና በኢንተርኔት መካከል ያደገውን ትውልድ «ዲጂታል ኔቲቭ» ብሎ ጠራው። ካደጉ በኋላ ይህን ዓለም የተቀላቀሉትን ደግሞ ከስደተኛ ጋር አመሳሰላቸው፤ ቋንቋውን ቢለምዱም የድሮ ዘዬአቸው አይለቃቸውም። ኢሜይል ልከው ሲያበቁ «ደረሰህ ወይ?» ብለው የሚደውሉት እነሱ ናቸው።

ቃሉን በቀጥታ ብንመልሰው «የዲጂታል ተወላጅ» ይሆናል። ነገር ግን ተወላጅ ካልን መጤም ይከተላል፤ ሁለቱ ቃላት ደግሞ በአገራችን ብዙ ሰው አቁስለዋል። አብሮ አደግ፣ ከተማ አደግ እንደምንለው «ዲጂታል አደግ» ብንል ይሻላል። እውነታውንም በተሻለ ይገልጸዋል። ፕሬንስኪን የተቹ ተመራማሪዎች አንዱ ቅሬታ የልደት ዘመንን መለኪያ ማድረጉ ነበርና። የ20 ዓመቷ የቦሌ ልጅና ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የምትወጣው የገጠር እኩያዋ በዕድሜ አንድ ቢሆኑም በአስተዳደግ አንድ አይደሉም።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለነጋዴው ምን ያደርግለታል? የአዲስ አበባን የቴሌግራም ሱቆች እንይ። ባለሱቁ ቻናል ከፍቶ የጫማ ፎቶ ይለጥፋል፤ ከሥሩ «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ይላል። ወጣቷ «41 ቁጥር አለ? ስንት ነው?» ብላ ትጽፋለች። መልሱ «ኢንቦክስ» ነው። ለባለሱቁ ይህ ስንፍና አይደለም፤ ክርክር የሚጀመረው ከዋጋ ስለሆነ ገዢው በግል ሳያነጋግረው ዋጋ መናገር ለእሱ ኪሳራ ነው። እሷ ግን በዚያው ደቂቃ ሦስት ቻናል ከፍታ እያወዳደረች ነው፤ ዋጋው የተጻፈበትን መርጣ ሌላውን ታልፋለች። መደወልም አትወድም። በእኔ እምነት ብዙ ሱቅ ገበያ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቻናሉን ከፍቷል፣ ልማዱን ግን አልለወጠም። ዋጋውን ከነቁጥሩና ከነዴሊቨሪ ሒሳቡ ፎቶው ሥር ይጻፍ። ቅናሽ ካለም እዚያው ይባል። በጽሑፍ የሚመልሰው ልጅ ደግሞ አለቃውን ሳይጠይቅ ምን ያህል መቀነስ እንደሚችል ይነገረው፤ «ቆይ ጠይቄ ልመለስ» የተባለች ገዢ አትጠብቅም።

የክፍያው ነገር ቀሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። «ጥሬ ብር ብቻ» የሚል ሱቅ ወጣቱን ከደጁ ይመልሳል። ሆኖም ስክሪንሹት አይቶ ዕቃ መስጠት አደገኛ ነው፤ ፎቶ በቀላሉ ይቀየራል። ገንዘቡ መግባቱን በራስ ሒሳብ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ስህተት ወጣቱን ሲቀጥሩ የሚሠራው ነው። «ስልክ አዋቂ ነው፣ ይችለዋል» ተብሎ የሽያጭ መዝገቡም፣ የድርጅቱ የይለፍ ቃልም ይሰጠዋል። ቪዲዮ ቆርጦ መቀጠል የሚያውቅ ልጅ ኤክሴል ላይ የወር ሒሳብ መዝጋት ላያውቅ ይችላል፤ ማንም አላስተማረውምና። አዲስ ሠራተኛ እንደማንኛውም አዲስ ሠራተኛ ሥልጠና ይሰጠው፤ እሱም በተራው ዋጋ አጻጻፉንና ለደንበኛ አመላለሱን ለባለቤቱ ያሳየው።