የጡት ካንሰር በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች

የጡት ካንሰር በጡት የወተት ቱቦዎችና ዕጢዎች ሕዋሳት ላይ የሚነሳ፣ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታይ ሕመም ነው። ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ጥፋቱን በግንዛቤ ማነስ ብቻ ማሳበብ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እብጠቱ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ለአጋሮ ወይም ለሊሙ ገበሬ ደግሞ የማያምም ነገር ከቡና ለቀማ አይቀድምም። የጨረር ሕክምናም ለዓመታት የሚገኘው ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

መፍትሔው ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ነው የሚሉ አሉ። መሣሪያው ይጠቅማል፤ ሆኖም በወጣቶች ጥቅጥቅ ጡት ውስጥ እብጠትን ለመለየት ይቸገራል፣ የኢትዮጵያ ታማሚዎች ደግሞ ከምዕራባውያኑ በዕድሜ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ በጤና ጣቢያ በእጅ የሚደረግ ምርመራና ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ፈጥኖ መላክ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው መርሐ ግብርም ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ይጠይቃል።