የገንዲ ጂን ፍለጋና የታቨርና ታሪክ

ገንዲን የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከብት አርቢ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ትሪፓኖሶም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ በከብቱ ደም ውስጥ እየተራባ ያከሳዋል፤ ደም ማነስ ያስከትልበታል፤ ሕክምና ካላገኘም ይገድለዋል። የምዕራብ አፍሪካው የንዳማ ከብት ግን ተሕዋሱን በደሙ ይዞም ወተቱንና ሥጋውን ሳያጣ ይኖራል። ዘሩ ከደቡብ ኢትዮጵያ የሚመዘዘው የቦረና ከብት ይህን አቅም አልታደለም። የልዩነቱን ምንጭ በጂን ደረጃ ለማግኘት የተደረገው ፍለጋ፣ የእንስሳት ሕክምናን ታሪክ አልፎ የሳይንስ ሶፍትዌር ታሪክ አካል ሆኗል።

ፍለጋው ናይሮቢ ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። የናይሮቢው የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ላቦራቶሪና አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የከብት ሀብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1994 ተዋህደው ዛሬ ኢልሪ የምንለውን ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት ፈጠሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎቹ ንዳማንና ቦረናን አዳቀሉ፤ ከሁለተኛው ትውልድ 177 ከብቶችን መርምረው ውጤቱን በ2003 አሳተሙ። የተገኘው መልስ አንድ ጂን አልነበረም። መቋቋሙ በብዙ ክሮሞዞሞች ላይ የተበተነ ሆኖ ተገኘ፤ እያንዳንዱ ክልልም በውስጡ ብዙ ጂኖችን የያዘ ነበር። በአይጥ ላይ ጎን ለጎን የተደረገው ጥናትም ተመሳሳይ ችግር ላይ ደረሰ። ሲ57ብላክ6 የተባለው የላቦራቶሪ አይጥ ዝርያ በሽታውን ሲቋቋም፣ ኤጄና ባልብሲ የተባሉት ቶሎ ይሞታሉ። ልዩነቱን የሚወስኑት ቲር1፣ ቲር2 እና ቲር3 የተባሉ ሦስት ዋና ክልሎች መሆናቸው ታውቆ ነበር። በነዚህ ክልሎች ውስጥ ካሉት ጂኖች መካከል ዋናውን መለየት ግን ሌላ ሥራ ነበር።

ያንን ሥራ ከባድ ያደረገው የመረጃው መበታተን ነው። ስለ ጂን ቅደም ተከተል የሚያውቀው ቋት አንድ ቦታ፣ ስለ ፕሮቲን የሚያውቀው ሌላ ቦታ፣ ጂኖች በሴል ውስጥ የሚሳተፉባቸውን ሂደቶች የመዘገበው ደግሞ ጃፓን ነበር። ኑክሊክ አሲድስ ሪሰርች የተባለው መጽሔት በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር በ2004 ብቻ 548 የሞለኪውላር ባዮሎጂ የመረጃ ቋቶች ተቆጥረዋል። የባዮኢንፎርማቲክስ ተመራማሪው ሊንከን ስታይን በ2002 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሁኔታ እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ ከነበሩት የመካከለኛው ዘመን ጣሊያን ከተማ መንግሥታት ጋር አመሳስሎት ነበር። ተመራማሪው ከአንዱ ድረ ገጽ ውጤቱን ገልብጦ ሌላው ላይ ይለጥፋል፤ የመጣለትን ዝርዝር በዓይኑ እያየ ይመርጣል፤ እንደገና ይለጥፋል። በመጨረሻ ምን እንዳደረገ በትክክል መናገር የሚችልበት መዝገብ አይኖረውም።

እንግሊዝ አገር ለዚህ ችግር ገንዘብ የመደበችው ቀደም ብላ ነው። የምርምር ምክር ቤቶቹ ዋና ዳይሬክተር ጆን ቴይለር ኢ-ሳይንስ ብለው የሰየሙት ብሔራዊ መርሐ ግብር በ2001 ሥራ ጀመረ። ከዚህ መርሐ ግብር ከተወለዱት አንዱ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ጎብል የተመራው ማይግሪድ ነው። ከማንቸስተር ሌላ ሳውዝሃምፕተን፣ ኒውካስል፣ ኖቲንግሃምና ሼፊልድ፣ እንዲሁም ካምብሪጅ አጠገብ የሚገኘው የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ኢንስቲትዩት ተሳትፈውበታል። በዚህ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ቶም ኦይን ከባልደረቦቹ ጋር የጻፈው ሶፍትዌር ታቨርና ተባለ፤ ዋናው ጽሑፉም በ2004 ባዮኢንፎርማቲክስ መጽሔት ላይ ወጣ።

የታቨርና ሐሳብ ቀላል ነበር። የመረጃ ቋቶቹ ባለቤቶች በዚያን ጊዜ ቋታቸውን በዌብ ሰርቪስ መልክ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም በኢንተርኔት ጠርቶ መልስ በሚያገኝበት መንገድ መክፈት ጀምረው ነበር። ታቨርና አገልግሎቶቹን በተመራማሪው ኮምፒውተር ስክሪን ላይ በሣጥን መልክ ይደረድራል። ተመራማሪው የአንዱን መውጫ ከሌላው መግቢያ ጋር በመስመር ያገናኛል፤ ያስጀምረዋል፤ እያንዳንዱ እርምጃም ይመዘገባል፤ እንዲህ የተያያዘው ሰንሰለት የሥራ ፍሰት ይባላል። ሰርቨሮቹ የሌሎች ናቸው፤ ታቨርና የራሱ የመረጃ ቋት የለውም። በተግባር ግን ከአንዱ አገልግሎት የሚወጣው መልክ ሌላው ከሚጠብቀው ጋር እምብዛም ስለማይገጥም፣ በየመሃሉ ትንንሽ አስማሚ ፕሮግራሞችን ማስገባት ግድ ነበር። የሥራ ፍሰቶቹን ዘርግቶ ያየ ሰው ከሣጥኖቹ ብዙዎቹ ሳይንስ የማይሠሩ፣ ጽሑፍ የሚቆርጡና የሚቀጥሉ መሆናቸውን ያስተውላል።

በ2007 በኑክሊክ አሲድስ ሪሰርች የወጣው የፖል ፊሸርና የባልደረቦቹ ጽሑፍ ይህን መሣሪያ ወደ ገንዲ አመጣው። ከጸሐፊዎቹ መካከል የማንቸስተሮቹ ሮበርት ስቲቨንስና አንዲ ብራስ፣ እንዲሁም በሊቨርፑልና በኢልሪ ይሠራ የነበረው ስቲቭ ኬምፕ ይገኛሉ። የሥራ ፍሰቱ በአይጥ 17ኛ ክሮሞዞም ላይ ካለው የቲር1 ክልል ይነሳል። በክልሉ ያሉትን ጂኖች በሙሉ ኤንሴምብል ከተባለው የጂኖም ቋት ያመጣል። የእያንዳንዱን ጂን መለያ ቁጥር ዩኒፕሮት ወደተባለው የፕሮቲን ቋትና ወደ ሌሎች ቋቶች መለያ ይቀይራል፤ በዚያም አልፎ ኬግ የተባለውን የጃፓን ቋት ጂኑ በየትኞቹ የሴል ሂደቶች እንደሚሳተፍ ይጠይቃል። ሌላ የሥራ ፍሰት ደግሞ በበሽታው በተያዙት አይጦች ውስጥ እንቅስቃሴያቸው የተለወጠ ጂኖችን ይዞ ያንኑ ጥያቄ ያቀርባል። በሁለቱም ዝርዝር የተገኙት ሂደቶች ተለይተው ይወጣሉ።

የጽሑፉ ዋና ነጥብ ፍጥነት አልነበረም፤ ጸሐፊዎቹ አጥብቀው የተከራከሩት ስለ አድልዎ ነው። በእጅ የሚሠራ ተመራማሪ ዝርዝሩ ሲበዛበት የሚያውቃቸውን ጂኖች ያስቀድማል፤ የማያውቃቸውን በጊዜ ይጥላል። ሶፍትዌሩ ግን ሁሉንም እስከ መጨረሻው ይዞ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ቀደም ሲል በእጅ በተደረገው ማጣራት ታልፎ የነበረ ዳክስ የተባለ ጂን እንደ እጩ ወጣ፤ ጂኑ ሴል ራሱን በሥርዓት በሚገድልበት ሂደት ውስጥ ይሳተፋል።

እዚህ ላይ መዝገቡን እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልጋል፤ የታቨርናን ታሪክ የሚተርኩ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ዳክስ ላይ ደርሰው ይቆማሉና። በ2010 የወጣው ሰፊ የጂን ትንተና ለቲር1 ይበልጥ አሳማኝ እጩ አድርጎ ያቀረበው ፕራም1 የተባለውን ሌላ ጂን ነው። በከብት ላይ በ2011 የወጣው ጥናት ደግሞ ኤአርኤችጋፕ15 እና ቲካም1 የተባሉ ሌሎች ጂኖችን አነሳ። ስለዚህ ሥራው የገንዲን ጂን አገኘ ማለት ልክ አይደለም። ያገኘው እጩዎችን ሳይጥሉ የመመርመሪያ መንገድ ነው፤ ያም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ማስረጃውም ይታያል፦ በዚያው በማንቸስተር የወስፋት ዓይነት ጥገኛ ትል በአይጥ ላይ የምታጠና ሌላ ተመራማሪ የፊሸርን የሥራ ፍሰት ወስዳ በራሷ መረጃ ላይ ስታስኬደው፣ በእጅ ስትፈልግ ያላገኘቻቸውን ሂደቶች አግኝታበታለች።

ይህን መዋዋስ ለማስፋት ጎብልና የሳውዝሃምፕተኑ ዴቪድ ዴ ሩር በ2007 ማይኤክስፐሪመንት የተባለውን የሥራ ፍሰቶች መጋሪያ ከፈቱ። በ2009 ደግሞ የአገልግሎቶቹ መዝገብ የሆነው ባዮካታሎግ ተከተለ።

ሰንሰለቱ ግን በሌሎች ሰርቨሮች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ2012 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ከማይኤክስፐሪመንት 92 የታቨርና የሥራ ፍሰቶችን መርጦ እንደገና ለማስኬድ ሞከረ። ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት ወይ ጨርሶ አልሠሩም ወይ የቀድሞውን ውጤት አልሰጡም። ትልቁ ምክንያት የሦስተኛ ወገን አገልግሎት መጥፋት ወይም መለወጥ ነበር። ሌሎቹም የማሳያ መረጃ አለመኖር፣ የማስኬጃ ሁኔታ አለመሟላትና የማብራሪያ ጉድለት ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ኬግ ሶፕ በተባለው የዌብ ሰርቪስ ዘዴ ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት ዘጋ፤ በሌላ መንገድም ተካው። ለውጡ ለኬግ ባለቤቶች ተገቢ ነበር። በአሮጌው መግቢያ ላይ የተሠሩት የሥራ ፍሰቶች ሁሉ ግን በአንድ ቀን ቆሙ።

ታቨርና በ2014 ወደ አፓቼ ፋውንዴሽን የሙከራ ክፍል ገባ፤ ሙሉ የአፓቼ ፕሮጀክት ሳይሆንም በ2020 ከዚያ ተሰናበተ። ተመራማሪዎች አስቀድመው ጋላክሲ፣ ስኔክሜክና ኔክስትፍሎው ወደተባሉ ሌሎች የሥራ ፍሰት ሶፍትዌሮች ሄደው ነበር። እነዚህ በአብዛኛው ፕሮግራሙን ተመራማሪው ራሱ በሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳሉ፤ የሩቅ ሰርቨር ቢዘጋ ጉዳቱ ይቀንሳል።

በእኔ ዳኝነት የማይግሪድ ንድፍ ትክክል ነበር፤ የጎደለው የአገልግሎቶቹን ዕድሜ የሚያስጠብቅ ቃል ኪዳን ነው። መርሐ ግብሮቹ አዲስ ሶፍትዌር ለመጻፍ ለተወሰኑ ዓመታት ገንዘብ ሰጡ። የሌላውን ተመራማሪ ሥራ የተሸከመውን ሰርቨር ለአሥርና ለሃያ ዓመት ማቆየት ግን የማንም የሥራ ድርሻ አልሆነም። የፊሸር የሥራ ፍሰት በተጻፈበት መልክ ዛሬ አይሄድም። ምን እንደጠየቀ፣ ከየት እንደጠየቀና በምን ቅደም ተከተል እንደጠየቀ ግን እርምጃ በእርምጃ ተጽፎ ስለተቀመጠ፣ የሚፈልግ ሰው በአዲስ መሣሪያ መልሶ ሊሠራው ይችላል።